ያልተወለወለው ጠርዝ

«ሞተሩ ነው የጠፋበት አሉ። እዚያው ቁልቁለቱ አናት ላይ።»

«ሞተር ጠፋ ብሎ ሰው ይሞታል እንዴ? ፍሬኑ የት ሄዶ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ሞተር ከጠፋ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ሁለቴ ቢይዝልህ ነው። ከዚያ በኋላ ብትረግጥ፣ ብትረግጥ፣ ወይ ፍንክች።»

ሁለቱ ሰዎች ሚሊ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላቸው መቆሟን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ።  አንደኛው ከትሪው ላይ ብርጭቆ አነሳና፣ ዓይኗን ላለማየት እየሞከረ፣ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አላት። እሷም አንገቷን ነቅንቃ አለፈች። 

ወንድሟ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ግቢው ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ከጎኑ ካለው ጋር ማንሾካሾክ ይጀምራል። የሚንሾካሾከው ደግሞ ያንኑ አንድ ነገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው፣ እንዴት የገዛ መኪናው ትገድለዋለች?

ሟቹን ከተማው የሚያውቀው «ጆሮ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። ገና ወጣት ሳለ ነው ያወጡለት። የታመመ መኪና ሲያመጡለት ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ሦስተኛው ባልቮላ ነው» ይላል። ሲፈቱት ሦስተኛው ባልቮላ ሆኖ ይገኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ካቻቢቴውን ትቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ጀምሮ ነበር። ደንበኞቹም «ይሄ ሰውዬ ጭራሽ በእጁ መስማት ጀመረ!» እያሉ ይደነቁ ነበር።

እህቱን ሚሊ ያላት እሱ ነው። እውነተኛ ስሟን ከእናቷ በቀር የሚጠራው የለም። ከጋራዡ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቶርኖ ማሽን ብረት እያሽከረከረች ትቀርጻለች። የተበላ ዘንግ ትሞላለች፣ የጠፋ ብሎን ትሠራለች፣ በገበያ የማይገኝ የጋራዥ ዕቃ ታወጣለች። አንድ ሚሊሜትር ተዛነፈ ብላ የተጠናቀቀ ሥራ ቆሻሻ ውስጥ የምትጥል ሴት ናት። «አንቺ እኮ ሚሊ ነሽ! ሴንቲ መሆን እንኳ አይሆንልሽም» ብሎ ሳቀባት፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

አባታቸው ሲሞት እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ብረት ቀራጭ ዘንድ ወስዶ ሥራ ያስጀመራት እሱ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌው ብረት ቀራጭ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አይተው፣ «ሴት ልጅ ቶርኖ ላይ?» ሲሉት፣ ጆሮ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እስቲ እሱን ይጠይቁት፤ እሱ ካልከፋው ምን ቸገረን» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። በነጋታው ሥራ ገባች።

ሚሊ ትሪውን ይዛ ወደ ወንበሮቹ መጨረሻ ደረሰች። አጎቷ እዚያ ተቀምጠዋል። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እናቷም ከእሳቸው ጋር ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ቆላው ከተማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ለቀብሩ ሁለቱም በአጎት መኪና መጥተዋል። መኪናዋ ከግቢው በር አጠገብ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ቆማለች።

«ሦስተኛውን ቀን ውለን እንወርዳለን» አሉ አጎት ከጎናቸው ላለው ሰው። «እናቲቱም አልጋዋ ይሻላታል፤ እዚህ ወንበር ላይ ወገቧ አለቀ። መኪናዋ እንደሆነ ሟች ራሱ ነው ያደሳት፣ ነፍሱን ይማረውና። ገና ወር አልሞላትም። ዘይት ታንጠባጥብ ነበር፤ እነዚያን የጎማ ቀለበቶች፣ ምናቸው ነበር ስማቸው... ኦይል ሲል! እነሱን ለወጠልኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠብታ ዘይት መሬት ላይ አይቼ አላውቅም።»

ሚሊ ትሪውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። 

ወር አልሞላትም። ይህን ቃል ከሰማች በኋላ ሌላ ነገር አልሰማችም።

የዛሬ ወር ገደማ፣ በቀትር፣ ጆሮ ወደ ክፍሏ ብቅ ብሎ አንድ የተሰበረ ፕላስቲክ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩት ዘንጎች ጫፋቸው ከሞተሩ ብቅ ይላል። ብቅ ባለበት ቦታ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዝ፣ ስስ ከንፈር ያለው የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲያረጅ ይደርቅና ዘይት ያስመልጣል፤ መለወጥ አለበት። ለመለወጥ ደግሞ ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ለሥራው ተብሎ የተሠራ ዕቃ ይፈልጋል። ዘንጉን እንዳይዞር የሚያግት ብረት አለው። አሮጌውን ቀለበት ዘንጉን ሳይጭር የሚስብ መንቀያ አለው። አዲሱን ዙሪያውን እኩል ገፍቶ የሚያስቀምጥ መግፊያም አለው። ከእነዚህ ሁሉ ግን ጆሮ የሚሳሳለት ትንሿን ሾጣጣ ነበር። ሾጣጣዋ ዘንጉ ጫፍ ላይ ትጠለቃለች፤ አዲሱ ቀለበት በእሷ ላይ ተንሸራቶ ነው ወደ ቦታው የሚያልፈው። ሾጣጣዋ ለስላሳ ካልሆነች የቀለበቱን ከንፈር ትጭረዋለች። ጭረቱም ለዓይን አይታይም።

የተሰበረችው ያቺ ሾጣጣ ነበረች።

«ከብረት አውጪልኝ» አላት፣ ልኩን በእርሳስ የጻፈበትን ወረቀት እየሰጣት። «አራት መኪና ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ አንደኛዋ የራሴ ናት።»

ሚሊ የዚያን ቀን እጇ ሞልቶ ነበር። ማሽኑ ላይ የታሰረ የሌላ ሰው ሥራ ነበራት። ፈትታ አስቀመጠችውና የወንድሟን አስቀደመች። ልኳን አንድም ሳታዛንፍ ቀረጸቻት። ለክታ፣ ደግማ ለክታ፣ ሰጠችው። ከዚያ ጊዜ የለኝም ብላ ያንን የሌላ ሰው ሥራ መልሳ አሰረችና ማሽኑን አስነሳች። ማሽኑ ጮኸ። ጀርባዋን ለወንድሟ ሰጥታ፣ ዓይኗን ከሚላጠው ብረት ሳትነቅል፣

«ጠርዟ አልተወለወለም! በብርጭቆ ወረቀት ሳትወለውላት እንዳትሠራባት! ካልሆነ ለዘጠኝ ሰዓት መልሳት፣ እኔ እወለውልልሃለሁ!» ብላ ጮኸች።

ጆሮ ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረጋትና ወጣ።

ሾጣጣዋን ለዘጠኝ ሰዓትም አልመለሰ፣ ከዚያም በኋላ አልመለሰ። «እራሱ ወልውሏታል ማለት ነው» አለች በልቧ። ረሳችው።

አሁን ከሸራው ሥር ቆማ ይህንኑ ለራሷ ደገመችው። ነግሬዋለሁ። ጮኬ ነው የነገርኩት። ትከሻዬን መታ አድርጎኛል፤ ሰምቷል ማለት ነው። ጆሮ ደግሞ የሰማውን የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ልቧ ግን አልረጋም። ትሪውን እዚያው ትታ ወደ ቤት ገባች።

የወንድሟ ሚስት ውስጠኛው ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሷል። አብረዋት የነበሩት ሁለት ሴቶች ሚሊን ሲያዩ ቦታ ለቀው ወጡ።

ሚሊ ከጎኗ ተቀመጠች። እንዴት እንደምትጀምር ጠፋት።

«የዚያን ቀን ጠዋት...» አለች በመጨረሻ። «ከቤት ሲወጣ መኪናዋ ምንም ድምፅ አልነበራትም?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ድምፅማ ነበራት። እዚህ መስኮቱ ጋ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሲያስነሳት ከፊት በኩል ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ አለች፤ ልክ እርጥብ ጨርቅ ከግድግዳ ጋር እንደሚመታ።»

«ታዲያ እሱ አልሰማም? እኛ ሰፈር ጥግ ላይ የሚያልፍ መኪና ምኑ እንደታመመ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱን አልሰማም?»

ሚስቱ ተነስታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«አይሰማም ነበር» አለች።

«እንዴት ማለት?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። የግራው ጭራሽ ጠፍቷል፤ የቀኙም ከመጥፋት የተሻለ አልነበረም። ሐኪሙ፣ የጋራዥ ጩኸት ነው የበላው፣ አይመለስም አለን። ፊት ለፊቱ ሆነሽ ካናገርሽው ከንፈርሽን አይቶ ይይዛል። ፊትሽን ካዞርሽ ከግድግዳ ጋር እያወራሽ ነው።» እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። ‹ስሜ ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደነቆረ ከተባለ ማን መኪናውን ያምነኛል› አለኝ። ለአንቺ እንኳ! በተለይ ለአንቺ። ‹ሚሊ ካወቀች ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ደግሞ እጇን ማሽኑ ይበላዋል› አለኝ።»

ሚሊ አላለቀሰችም። የወንድሟ ጣቶች ትከሻዋን ሁለቴ ሲነኩት እንደገና ተሰማት። ያን ጊዜ እሺ ያላት መስሏት ነበር። ለካ ደህና ዋይ ማለቱ ነው። ለካ መናገሯንም አላወቀም።

«ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?» አለቻት ሚስቱ።

«ምንም» አለች ሚሊ። «ምንም አልሆንኩም።»

በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ለማንም ሳትናገር ጋራዡ ሄደች። የጆሮ ሸሪክ በሩን ግማሽ ከፍቶ ብቻውን ተቀምጧል። የተጨፈለቀችው መኪና ተጎትታ መጥታ ከውስጥ ቆማለች። ፊቷ ገብቷል፣ መስተዋቷ ረግፏል፤ ሞተሯ ግን አልተነካም።

«ክዳኑን ፍታልኝ» አለችው ሚሊ።

«የቱን ክዳን?»

«የቺንጊያውን።»

ሸሪኩ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ቁልፍ አነሳና ፈታ። ከክዳኑ ሥር የሞተሩን ዘንጎች አንድ ላይ የሚያሽከረክረው ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ በዘይት ርሶ እንደ አንጀት ተልፈስፍሶ ወጣ። ጥርሶቹ በአንድ በኩል ተልጠዋል፤ ከቀለበቱ ያመለጠው ዘይት መሬት ሳይነካ ጎማውን በልቶታል፣ ቺንጊያው ሲከዳም ሞተሩ ቀጥ ብሏል። ሚሊ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። መዘውሩን አስፈትታ፣ መንቀያውን ተቀብላ፣ ያንን ገና አዲስ የሆነ ቀለበት ራሷ ስባ አወጣችው። በጨርቅ ጠርጋ ወደ ብርሃን ያዘችው። ከንፈሩን በሁለት ጣቶቿ ከፈት ስታደርገው እንደ ፀጉር የቀጠነ ቁርጥ ታየ።

ሾጣጣዋ በመሳቢያው ውስጥ፣ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። ወንድሟ የሚሳሳለትን ዕቃ እንዲያ ነበር የሚያስቀምጠው። ሚሊ በጥፍሯ ጠርዟን ዞረች። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሯ ያዝ አደረገ። አልተወለወለችም።

«እሱ ከነጉድለቱ ሠራባት» አለች። «ስነግረው አልሰማኝም። ሳይሰማኝ ነው የሄደው።»

ሸሪኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አንቺም አወቅሽ ማለት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ስፈልገው ብሎን ነበር የምወረውርለት። ፊቱ ስር ወድቆ ሲያየው ይዞራል። አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።»

ሚሊ ግድግዳውን አየች። ጆሮ የሠራውን ሁሉ በጠመኔ የሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ እዚያው ተሰቅሏል። በወንድሟ ድፍን ያለ እጅ ጽሑፍ፣ በአራት መስመር፣ «ኦይል ሲል» ይላል። አንደኛው የራሱ መኪና። ሁለተኛው የዳቦ ቤቱ መኪና። ሦስተኛው የመምህርቷ። አራተኛው የአጎት።

«ሦስት መኪና መንገድ ላይ አለ» አለች።

«ሚሊ ስሚኝ» አለ ሸሪኩ። «ሰውየው ገና አፈር አልደረቀበትም። ሰዉ ስሙን እያነሳ ነው የሚያለቅሰው። ሐዘኑ ይለፍና ሦስቱንም አንድ ምክንያት ፈጥሬ እጠራቸዋለሁ። ‹ነፃ ምርመራ ነው› እላለሁ። ፈትተን እንለውጣለን፣ ማንም ምንም አያውቅ። የኔም ልጆች እንጀራ እዚህ በር ላይ ነው።»

«እስከዚያ ድረስ ስንት ቁልቁለት አለ?»

ሸሪኩ መሬት መሬት አየ።

«ያንተ ልጆች እኮ የመምህርቷ ተማሪዎች ናቸው» አለችው።

ይህን ጊዜ ስልኩን አወጣ። የዳቦ ቤቱ ሹፌር ወዲያው አነሳ፤ መኪናው ደጁ ላይ ቆሟል፣ ሊወጣ ነው። «ቁልፉን ንቀል! እንዳታስነሳት፣ ስትደርስ ምክንያቱን እነግርሃለሁ... አይ፣ እኔ እመጣለሁ!» አለው። የመምህርቷ ስልክ ግን ይጠራል፣ አይነሳም። ደገመ። ሠለሰ። አይነሳም።

«ትምህርት ቤት ሄጄ ልያት» አለና ኮቱን አነሳ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «አጎትሽስ?» አላት።

«ሐዘን ቤት ናቸው። ከሰዓት ነው የሚወርዱት።»

ለማረጋገጥ ደወለችላቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ የአጎቷ ሳይሆን የአንዲት ጎረቤት ድምፅ መጣ።

«ስልካቸውን ወንበር ላይ ረስተውት ነው፤ አሁን ላቀብላቸው ነበር። ሊሄዱ ነው እኮ። ደመናው አስፈራኝ፣ ዝናብ ሳይቀድመን እንውረድ አሉ። እናትሽም ተነስታለች። ምነው ጠፋሽ አንቺ?»

«አስቁሚያቸው!» ብላ ጮኸች ሚሊ፤ መስመሩ ግን ተቋርጦ ነበር። የመንቀያውንና የቁልፎቹን ጥቅል ይዛ ሮጠች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት፣ ጥቁር የለበሰች፣ ብረት አቅፋ በመንገድ ላይ ስትሮጥ ያየ ሁሉ ዞሮ ተመለከታት። ሁለት መንገድ አቋርጣ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ስትወጣ፣ መኪናዋ ከዛፉ ጥላ ወጥታ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ አየቻት። ሞተሯ ተነስቷል። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። እናቷ አንድ እግሯን አስገብታ የኋለኛውን በር ይዛለች።

«እማዬ አትግቢ!»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሚሊ ከመኪናዋ ፊት ቆመች፤ ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ ጣለች።

«አጎቴ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ።»

«ምን ሆነሻል? ዝናቡ ሊቀድመን ነው!» አሉ አጎት በመስኮት።

«በሞተው ይዤዎታለሁ፣ ያጥፉት!»

አጠፉት። ወረዱ። ፊታቸው ተቆጥቷል። ሰዎች ከሸራው ሥር እየተነሱ መጡ፤ አንዳንዱ ልጅቷ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣባት ብሎ ሊይዛት ቀረበ። ሚሊ ግን ኮፈኑን ከፍታ ነበር። ቁልፉ ሁለቴ አመለጣት፤ በሦስተኛው ያዘ።

«ሟች የሠራውን ልትፈቺ ነው?» አሉ አጎት። «በሐዘኑ ቤት? ሰው ቆሞ እያየ የወንድምሽን ሥራ ልታዋርጂ?»

«የሱ ሥራ አይደለም» አለች ሚሊ። «የኔ ነው።»

ክዳኑ ተነሳ። ቺንጊያው በዘይት ተነክሮ ያብለጨልጫል። ሚሊ በጣቷ ያዝ አድርጋ ጠምዘዝ ስታደርገው ሁለት ጥርሶች እንደ በሰበሰ ፍሬ ተላቅቀው መዳፏ ላይ ቀሩ። መዳፏን ዘርግታ ለአጎቷ አሳየቻቸው። ሞተር የማያውቅ ሰው እንኳ ያየውን ለማወቅ አልተቸገረም። አጎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። መንገዱን፣ ከዚያ እህታቸውን፣ ከዚያ መልሰው የሚሊን መዳፍ አዩ።

ሚሊ ሁሉንም ተናገረች። ሾጣጣዋን እንደሠራች፣ ጠርዟን ሳትወለውል እንደሰጠች፣ ማሽኑ እየጮኸ ጀርባዋን ሰጥታ እንደተናገረች። ያቺ ጠርዝ የአራት መኪና ቀለበት እንደቆረጠች፣ አንደኛው የሱ እንደነበረ። አንድም ቃል አላሳመረችም። 

«እንግዲህ...» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ሹክ ያለ መስሎት ጮክ ብሎ፣ «እሷ ናት የገደለችው ማለት ነው?»

 እንዳልሰማ የሆነ የለም። ሚሊ ወደ ድምፁ አልዞረችም፤ ትከሻዋ ግን ዝቅ አለ።

ያን ጊዜ የጆሮ ሚስት ከቤቱ ደጃፍ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣

«አይሰማም ነበር!» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ያለ ድምፅ አላወጣችም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አይሰማም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት። እሷ ነግራዋለች። እኔ ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ጥፋተኛ የምትፈልጉ ከሆነ እኔም እዚሁ አለሁ።»

«ጆሮ? ጆሮ አይሰማም?» አለ አንዱ ደንበኛ፤ እንደተሰረቀ ሰው ዙሪያውን አየ። ሌላው እጁን አፉ ላይ ጫነ። አጎት በቀስታ ኮፍያቸውን አወለቁ።

የሚሊ ስልክ ጮኸ። ሸሪኩ ነበር። የሚላትን ፈርታ እንደ ትኩስ ነገር ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«አገኘኋት» አለ፣ እያለከለከ። «መምህርቷን አገኘኋት! ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሞተሩ ቀጥ አለባት። ሜዳ ላይ! ተማሪዎቿ ገፍተው አስገቡላት። ክፍል ውስጥ ስለሆነች ነው ስልክ ያላነሳችው። ምንም አልሆነችም። ስታየኝ ሳቀች እኮ... ትሰሚያለሽ? ሚሊ?»

«ሰማሁ» አለች።

ስልኩን ዘጋች። የሚቀመጥበት አጥታ መሬት ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን አስቀመጠችው። ሰው አሁንም አልተበተነም፤ ቀርቦም የሚያጽናናት የለም። ማን ምን ብሎ ያጽናናታል? አንዳንዱ በሐዘኔታ ያያታል፤ አንዳንዱ ማየቱን ትቷል። ይህ አስተያየት ነገም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ከሷ ጋር እንደሚኖር አውቃዋለች። ሾጣጣዋን እንደ አዲስ ቀርጻ ብትወለውላትም፣ ማሽኑን ሸጣ ብትሰደድም፣ አይለቃትም።

ይህች መኪና ግን እንዲህ ተከፍታ አትተውም። ሌላ ሰው ሳያውቅ ቢያስነሳትስ? የላይኛውን ቀለበት በመንቀያው ሳበችው። የታችኛው ቀረ። እሱ ያለው ከመዘውሩ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ ቆሞ አይደረስበትም። ሚሊ በጥቁር ቀሚሷ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። ጠጠሩ ስለታም ነው። አልታወቃትም። እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ በዳበሳ ብሎኑን መፈለግ ጀመረች። ዘይቱ በክንዷ ቁልቁል እስከ ክርኗ ወረደ።

እናቷ እስካሁን የመኪናዋን በር እንደያዘች ነበረች። ልጇን ቀብራ ሦስት ቀን አንድ ቃል ያልተናገረች ሴት ናት። አሁን በሩን ለቀቀችው። በዝግታ፣ ወገቧን ይዛ፣ መኪናዋን ዞራ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ከልጇ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ሚሊ ጥላዋን አይታ እጇን ከሞተሩ አላወጣችም፤ ቀናም አላለች። መትፋትም ቢሆን፣ መምታትም ቢሆን፣ የሚመጣውን ጠበቀች።

እናቷ ከትከሻዋ ላይ ጥቁር ሻርፗን አወረደች። ለሁለት አጠፈችው፤ እንደገና ለሁለት። ከዚያ እያቃሰተች ጎንበስ አለችና በልጇ የቀኝ ጉልበትና በጠጠሩ መሀል አስገባችው።

«ያኛውንም ጉልበትሽን አንሺ» አለቻት።